የሰኔ ጎርፍ ከነሐሴው ለምን ይደፈርሳል?

ክረምት ገባ ማለት ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በጎርፍ ቪዲዮ ተሞላ ማለት ነው። አየር ጤና አካባቢ ሚኒባስ ጎማው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሲንገታገት፣ ዓለም ባንክ ኮብልስቶኑ ላይ ቀይ ውሃ ሲጋልብ፣ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ወንዙ ፕላስቲኩንም ቅርንጫፉንም አግበስብሶ በድልድይ ሥር ሲያልፍ እያየን እንጋራለን። ኮሜንቱም የታወቀ ነው፤ «ትቦው ተደፍኖ ነው»፣ «አይ አዲስ አበባ!»። ስለ ውሃው ብዛት ሁሉም ያወራል። ስለ ቀለሙ ግን የሚጠይቅ የለም። ለምን ቡናማ ሆነ? ያ ቀለም የማን ግቢ፣ የማን ማሳ ነበር? ወዴትስ ነው የሚሄደው?

ይህን ጥያቄ ብለው ዕድሜያቸውን የሰጡ ሳይንቲስቶች አሉ። እዚሁ አገራችን ውስጥ ጠርሙስ ይዞ ወንዝ ዳር መቆም ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። የተገኘው መልስ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል። ወንዝ በጣም የሚደፈርሰው በጣም ሲሞላ አይደለም። አፈሩም ከየቦታው እኩል አይመጣም፤ አብዛኛው የሚወጣው ከጥቂት ቦታዎች ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የያዘ ሰው ኮልፌ ቀራኒዮን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

መጀመሪያ ሰፈሩን እንየው። ኮልፌ ቀራኒዮ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ክፍለ ከተማ ነው። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ሰንሰለት፣ በምዕራብ ደግሞ የወጨጫ ተራራ አለ። ከእነዚህ ከፍታዎች የሚነሱት ጅረቶች ሰፈሩን እየሰነጠቁ ወርደው ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባሉ። ትንሹ አቃቂ ወደ ደቡብ ሄዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ከዚያ አዋሽ ነው፤ ከዚያ ቆቃ፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ አፋር። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር አካባቢ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከቤተል ታጥቦ የወረደ አፈር ባሕር አያይም፤ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ይተኛል። የእንጦጦ ጀርባ ላይ የወደቀ ዝናብ ዕጣው ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። አንድ ጣሪያ ሁለት ወገን እንደሚያፈስስ ማለት ነው። ውሃውን ወደ አንድ መውጫ የሚሰበስበው እያንዳንዱ ወገን ነው ተፋሰስ የሚባለው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንሂድ።

ሃንስ ሁርኒ የሚባሉ ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መጡ። የተቀጠሩት ፓርኩን እንዲጠብቁ ነበር። ዓይናቸውን የያዘው ግን ዋልያው ብቻ አልነበረም፤ ገደል አፋፍ ላይ የሚታረሰው ማሳና ከሥሩ የሚታጠበው አፈርም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲጀምር መሪው እሳቸው ሆኑ። ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ውስጥ አንጀኒ፣ ሌሎችም ቦታዎች ላይ የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ እንዲያውም ሞኝነት ሊመስል ይችላል። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን ትንሽ ተፋሰስ ትመረጣለች። ጅረቷ የምትወጣበት ጋ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ነገር ይተከላል። ዝናብ ጥሎ ጅረቱ መደፍረስ ሲጀምር ታዛቢው ይወርድና በ1 ሊትር ጠርሙስ ይቀዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና። ውሃው እየጠራ ሲመጣ በየ30 ደቂቃው ይሆናል። ከዚያ የተቀዳው ይጣራል፣ የቀረው አፈር ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል። ይኸው ነው። ዓመት ከዓመት ይኸው ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ ዜና አይሆንም፤ ነገር ግን ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ አፈር በእርግጠኝነት ከምናውቀው ውስጥ ብዙው የመጣው ከእነዚያ ጠርሙሶችና ከማሳ ላይ መለኪያዎቹ ነው።

ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጽሑፍ ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ 1 ሄክታር መሬት ላይ በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚሸረሸር ገመቱ። ቁጥሩን ወደምናውቀው ነገር እናምጣው። 16 ሜትር ኩብ የምትጭነዋን ሲኖትራክ አስቧት፤ 42 ቶን አፈር ሁለት ሲኖትራክ ገደማ ነው። ከአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዓመት። ማሳው ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ወፍራምነቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ የስልካችሁን ያህል ውፍረት ያለው አፈር ከማሳው ተገፈፈ ማለት ነው። ገበሬው በዓይኑ አያየውም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው መሰለኝ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሁልጊዜ ይምታታል። ከማሳ የተነሳ አፈር ሁሉ ወንዝ አይገባም። ብዙው ከሥሩ ባለው ድንበር፣ በሣሩ፣ በረባዳው ላይ ይቀራል። ወንዝ የሚገባው የተረፈው ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ቶን ተሸረሸረ» የሚለውና «ይህን ያህል ቶን ሱዳን ገባ» የሚለው አንድ ዓይነት ቁጥር አይደለም።

ከሁርኒ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የጠርሙሶቹን መዝገብ እንደገና ገለጡት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሰይፉ አድማሱ ጥላሁንና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ታሞ ስቴንሃውስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንጀኒን፣ የአንዲት ጥድንና የማይባርን መረጃ በጥንቃቄ አጠኑ። ያገኙት ነገር የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ይመልሳል። ዝናቡ በጀመረባቸው ሳምንታት፣ ሰኔና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው አፈር ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል። ወንዙ ግን ገና አልሞላም። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲያስፈራ በሊትር የሚገኘው አፈር ቀንሷል። መስከረም ሲጠባ ውሃው እየጠራ ነው።

ለምን? ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ደጋግሞ ያርሰዋል፣ ያለሰልሰዋል። የሰኔ ዝናብ የሚያገኘው ራቁቱን የቆመ፣ የላላ፣ ለመሄድ የተዘጋጀ አፈር ነው። ውሃው በማሳው ላይ ትንንሽ ቦዮችን እየቀደደ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ግን ቡቃያው መሬቱን ሸፍኗል፤ የላላው አፈርም ሄዶ አልቋል፤ ቦዮቹም መንገዳቸውን ይዘዋል። ከሥር ቀስ ብሎ የሚመነጨው ንጹሕ ውሃም ወንዙን ያቀጥነዋል። ውሃው በዝቶ የሚሸከመው አነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ዝናቡ ሲከብድ ተራራው ሁሉ ጎርፍ ያፈስሳል ብሎ ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩት ግን የደጋው አፈር ብዙውን ጊዜ ዝናቡን ለመጠጣት አቅም እንዳለው ነው። ጎርፍ የሚነሳው በተለይ ከሁለት ዓይነት መሬት ነው። አንዱ አፈሩ አልቆ ድንጋዩ የቀረበት፣ የተራቆተ መሬት ነው። ሌላው ደግሞ ከታች ያለው ረባዳ ነው፤ ከላይ በሰረገው ውሃ ጠግቦ አንድ ጠብታ እንኳ መጨመር የማይችል። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማዊ ደግሞ ቦረቦሩ የሚቆፈረው እዚሁ ውሃ የጠገበው ረባዳ ላይ ሆኖ ተገኘ። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል የቦረቦሩ ግድግዳ ከሥሩ ይላላና ተገንድሶ ይወድቃል። ከዚያ ጎርፉ ይጠርገዋል። ከአንድ ቦረቦር የሚወጣው አፈር በዙሪያው ካለው ተዳፋት ማሳ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ከባድ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ተራራ ላይ እርከን ይሠራል። ሥራው ዋጋ የለውም ልል አይደለም፤ ደብረ ማዊ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎርፉንም አፈሩንም እንደቀነሰ ታይቷል። ግን የእርከኑ ቦይ ራሱ በደለል እየተሞላ ሲሄድ ጥቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ታች ያለው ቦረቦር ካልተያዘ ደግሞ ወንዙ አይጠራም። በኔ እምነት በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ» ከሚለው ቁጥር ይልቅ የአንድ ጠርሙስ ውሃ ጥራት ይበልጥ ይነግረናል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ የገጠር ወሬ ነው፤ ኮልፌ ጤፍ አይዘራም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ኮልፌ የሚዘራው ሕንፃ ነው።

ጎርደን ዎልማን የሚባሉ አሜሪካዊ የወንዝ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ባልቲሞር አካባቢ ያለው መሬት ከጫካ ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ከተማ ሲለወጥ ወንዞቹ ምን እንደሆኑ ነው የተከታተሉት። ጫካው ዘመን ላይ ደለሉ ጥቂት ነበር፤ በእርሻው ጨመረ። ግንባታ ሲጀመር ግን ጣሪያ ነካ፤ መሬቱ ተቆፍሮ ራቁቱን በቆመባቸው ጥቂት ዓመታት ከእርሻው ዘመን በብዙ እጥፍ የበለጠ አፈር ወንዝ ገባ። ቤቱና አስፋልቱ ሲያልቅ ደለሉ ወረደ። ጣጣው ግን በዚያ አላበቃም። አስፋልትና ጣሪያ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ወንዙ ቶሎና በኃይል ይሞላል፤ የሚሸከመው አፈር ከላይ ሲያጣ ደግሞ የራሱን ዳርቻ መብላት ይጀምራል።

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ እነዚህ ዘመናት በአንድ ታክሲ መስመር ላይ ይገኛሉ። ከአጠና ተራ አካባቢ ካለው ቆርቆሮ በቆርቆሮ ከሆነው አሮጌ ሰፈር ተነስታችሁ ወደ ዓለም ባንክና አንፎ አቅጣጫ ስትሄዱ፣ መጀመሪያ የተነጠፈውን ከተማ፣ ከዚያ ገና የሚቆፈረውን ታያላችሁ። ቆርቆሮና አስፋልት ማለት፣ በደብረ ማዊ ቋንቋ ካወራን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ የጠገበ ረባዳ ማለት ነው። የመሠረት ቁፋሮ አፈር፣ መንገድ ዳር የተቆለለ ገረጋንቲ፣ ትቦ ሊቀበርበት ተቆፍሮ ለወራት የተተወ ቦይ ደግሞ ሰኔ የሚጠብቀው የታረሰ ማሳ ነው። ንጽጽሩ የኔ ነው፤ የውሃው ሕግ ግን አንድ ነው።

ቁልል ሲናድ ምን እንደሚያደርግ ይህ ክፍለ ከተማ ከማንም በላይ ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ አፈር አልነበረም፣ ወሩም ክረምት አልነበረም። ከአፋፍ ሥር የሚኖር ሰው ግን የአንድን ቁልል ከፍታና ቁልቁለት ማየት ያለበት ከመናዱ በፊት ነው። ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶችም ጉዳይ ይኸው ነው። ነሐሴ ላይ የሚወድቅ የድጋፍ ግንብ ብዙ ጊዜ ከሥሩ መበላት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው።

ከኮልፌ የሄደው አፈር መጨረሻው የት ነው ብለን ነበር። ግድቦች ላይ ነው። ከክፍለ ከተማው ወጣ ብሎ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ ራሱ የትንሹ አቃቂ ውሃ ነው፤ የምዕራብ አዲስ አበባን ቧንቧ ለረጅም ዘመን ሲመግብ የኖረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከበላዩ ሌላ ትንሽ ግድብ የተሠራለት ደለሉን ቀድሞ እንዲይዝለት ነው። ያኔ ያሰቡት ሰዎች ገብቷቸው ነበር። ታች ያለው አባ ሳሙኤል ግን ያን ዕድል አላገኘም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት። በደለልና በእርጅና ተዳክሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ አቆመ፤ እንደገና ታድሶ መብራት የሰጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ዓመት ያህል የጠፋ መብራት ነው ይሄ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቆቃ፣ ከጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው፣ ውሃ መያዝ ከሚችልበት ቦታ ጉልህ ክፍሉን ለደለል አስረክቧል።

በዓባይ በኩልም ታሪኩ ያው ነው። ስለ ዓባይ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ግንዱ ነው፤ የአፈሩ ነገር የግንዱን ያህል አልተወራለትም። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ ከመያዣው ሲሶ ያህሉ በደለል ተሞልቶበት በ2013 እ.ኤ.አ. ከፍታው እንዲጨምር ተደርጓል። አሁን ያ ደለል ቀድሞ የሚያገኘው ንጋት ሐይቅን ነው። ሕዳሴ ግዙፍ ስለሆነ ቶሎ አይሞላም፤ ግን ከላይ ያለው ጠርሙስ ካልጠራ ሒሳቡ እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው።

ወደ ትንሹ አቃቂ እንመለስና፣ ደለል ብቻውን አይጓዝም። አሸዋ ከባድ ነው፤ ውሃው ዝግ ሲል ወዲያው ይቀመጣል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነች ለቀናት ተንሳፋ ትቆያለች፤ ከፋብሪካና ከጋራዥ ፍሳሽ የሚወጡ እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችም እሷ ላይ ይጣበቃሉ። ፍስሃ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባ በተበከለ ወንዝ ውሃ የሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ብረቶች እንደሚገኙ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ የትንሹ አቃቂ ጥናቶችም በውሃውም፣ በደለሉም፣ በአትክልቱም ላይ አግኝተዋቸዋል። ስለዚህ ድፍርሱ ውሃ የሚጭነው የግድቡን ዕድሜ የሚያሳጥር አፈር ብቻ አይደለም፤ ሰላጣችን ጋ የሚደርስ ነገርም አለው።

የቅንጣቱን ነገር ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ወንዝ መውረድ አያስፈልግም፤ በጎርፍ ጊዜ አፋፍ ላይ መቆምም አያስፈልግም። ከግቢያችሁ አንድ እፍኝ አፈር በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምሩና በደንብ በጥብጡት፣ ከዚያ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይደረደራል። ደቃቁ ሰዓታት ይወስዳል። ነገ ጠዋት ስትነሱ ከላይ ያለው ውሃ አሁንም ድፍርስ ከሆነ፣ አባ ሳሙኤልን አልፎ የሚሄደው እሱ ነው።

ሥራው መቼ ይሠራ ለሚለው ጥያቄ የጠርሙሶቹ መልስ ግልጽ ነው፤ ከሰኔ በፊት። ትቦ ነሐሴ ላይ መጥረግ ደለሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የቁፋሮ አፈር ግንቦት ላይ ቢነሳ፣ ማንሳት ካልተቻለም በላስቲክ ቢሸፈንና ከሥሩ ድንጋይ ቢደረደርለት፣ አንድ ሕንፃ ተቋራጭ ለብቻው ብዙ ማሳ የሚያወጣውን ያህል አፈር ሊያስቀር ይችላል። ጥቂት ቦታ ነው። ወረዳው ቆሞ ሊቆጥረው የሚችል ያህል ነው።

ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ከጎርፍ ቪዲዮ የተሻለ ነገር ማንሳት ይችላል። ያን ኒሰን የተባሉ የቤልጂየም ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሱ ፎቶዎችን ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ያንኑ ቦታ ፈልገው፣ እዚያው ቆመው፣ ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሱት። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በብዙ ቦታ ዛፉ ከድሮው በዝቶ ተገኘ፤ «አገሩ በረሃ ሆነ» የሚለውን የተለመደ ወሬ ያስቆመ ውጤት ነበር። የፈለጉት አንድ ቦታና ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከሰፈራችሁ ድልድይ ላይ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም በሳምንት አንድ ፎቶ ቢነሳ ውሃው መቼ እንደደፈረሰ፣ መቼ እንደጠራ፣ የትኛው ዳርቻ እንደተበላ ያሳያል። የአንጀኒ ታዛቢዎች ቀኑንና ሰዓቱን በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል።